ምንጣፉ የተወው መንገድ

ዳግማር ቤቷን ለሽያጭ ያቀረበችው በዳሌዋ ምክንያት ነው። ባሏ ኤቨርት ከሞተ ወዲህ እንጨቱን የምትፈልጠውም፣ የምትሸከመውም፣ የምትማግደውም እሷው ነበረች። ባለፈው የበረዶ ወራት ግን ማገዶው ከሚከማችበት እንጨት ቤት ደጃፍ ላይ አዳለጣትና ወደቀች። ጎረቤቷ ስቲግ ውሻውን ይዞ ባይወጣ ኖሮ እዚያው ደርቃ ትቀር ነበር። ስቲግ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር የሚረሳ ሰው አይደለም። ባገኛት ቁጥር፣ “እኔን ሳይሆን ውሻውን አመስግኚ፤ ሽንቱ ባይመጣበት ይሄኔ ቀብርሽ ላይ ኬክ በልቼ ነበር” ይላታል።

እንግዲህ በራትቪክ ከተማ፣ እህቷ ቱራ ከምትኖርበት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ አንድ ቤት ተገኘላት። ደረጃ የለውም፣ እንጨት አይፈልግም፣ ሙቀቱ በቧንቧ ይመጣል። የሁለቱ እህትማማቾች መስኮቶች ይተያያሉ። ይሁንና ቤቱን የሚያቆዩላት እስከ መስከረም መጨረሻ ብቻ ነበር። ሐይቅ ዳር ያለው የመንደር ቤቷ እስከዚያ ካልተሸጠ ተራው ለሌላ ሰው ያልፋል፤ እሷም ሌላ በረዶ ከዚያ እንጨት ቤት ጋር ትጋፈጣለች። ዳግማር ለማንም አልተናገረችም እንጂ ያንን በረዶ ፈርታዋለች።

ነሐሴ ላይ አንድ ጊዜ ቤቱ ታይቶ ነበር። ሰዎች መጡ፣ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ ዞሩ፣ ሄዱ። ማንም ዋጋ አልሰጠም። አንዲት ሴት ግቢው ውስጥ ቆማ ለባሏ “የሟች ቤት ይመስላል” ስትለው ስቲግ ሰምቶ፣ እንደ ልማዱ አንድም ሳይቀንስ ለዳግማር ነገራት። ደላላው ሃምፑስ ግን በትሕትና ነበር ያናገራት። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ግን ሞልቷል፣ ስለዚህ አንዲት ባለሙያ ትምጣና ለገዢ ዓይን ታሰናዳው አላት። ዳግማር እሺ አለች። እሺ ከማለት ሌላ ምን ምርጫ ነበራት?

ባለሙያዋ ቲንድራ ትባላለች። ከልጅ ልጅ ብዙም የማትበልጥ፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተከረከመች፣ አንድ መኪና ሙሉ ግራጫ ትራስ ይዛ የመጣች ልጅ ነበረች። በር ላይ እንደ ከተማ ሱቅ ሻጮች አክብራ፣ “እንደምን ነዎት፣ እርስዎ ነዎት የቤቱ ባለቤት?” አለቻት።

“እኔን ‘እርስዎ’ ይለኝ የነበረው ባሌ ይሠራበት የነበረው የእንጨት መሰንጠቂያ አለቃ ብቻ ነው፤ እሱም ሲቆጣ ነበር” አለች ዳግማር። “አንቺ በይኝና ግቢ።”

ልጅቱ ሳቀችና ገባች። ከዚያ በኋላ ተግባቡ ማለት ይቻላል። ቲንድራ ክፍል ለክፍል እየዞረች የሚወጣውንና የሚቀረውን ስትነግራት፣ ዳግማር ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለች ታዳምጣለች። የግድግዳው ፎቶዎች ይውረዱ። ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈው ሁሉ ይነሳ። ወጥ ቤት ያለው የእንጨት አግዳሚ፣ ልጃቸው አኔሊ ትንሽ ሳለች ትተኛበት የነበረው፣ ወደ እንጨት ቤት ይሂድ። ጠረጴዛው ላይ ሎሚ የሞላ የብርጭቆ ሳህን ይቀመጥ። አልጋው ነጭ ይልበስ።

“ነገሩ ምን መሰለሽ” አለች ቲንድራ፣ “ገዢ ሲገባ ራሱን ነው ማየት ያለበት። አንቺን ካየ፣ እንግዳ ሆኖ ገብቶ እንግዳ ሆኖ ይወጣል።”

ዳግማር ነገሩ ትክክል መሰላት። ደግሞም አንድ ትዝታ መጣባት። እሷና ኤቨርት ይህን መሬት መጀመሪያ ሲያዩት ባዶ ሜዳ ነበር፤ እነሱም ያዩት ገና ያልተሠራውን ቤት ነበር። ኤቨርት ሣሩ ላይ በእርምጃ እየለካ፣ “እዚህ ጋ ቆመሽ ድንች ትልጫለሽ፣ እኔ በዚህ እገባለሁ፣ አንቺም ጫማህን አውልቅ ብለሽ ትጮሂብኛለሽ” ብሏት ነበር። እንዳለውም ሆነ። እሷ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት የመንደሩን ልጅ ሁሉ ድንች ስትልጥ ውላ፣ ማታ ደግሞ እዚያው እሱ ባሳያት ቦታ ቆማ ትልጥ ነበር። ጫማውንም እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን ሳይነግሩት አላወለቀም።

በሩ አጠገብ ምስማር ላይ የኤቨርት ኮፍያ ተንጠልጥሎ ነበር። ቲንድራ እሱ ጋ ስትደርስ ቆመች። እጇን ሰደደችና መልሳ ሰበሰበችው።

“ይሄን አንቺ ብታወርጂው ይሻላል” አለች።

ዳግማር አወረደችው፣ አጣጠፈችው፣ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ልጅቱን የወደደቻት ያኔ ነው።

ቀጥሎ ምንጣፉ መጣ። ከወጥ ቤቱ በር ተነስቶ፣ መተላለፊያውን አልፎ፣ መኝታ ቤቱ ውስጥ አልጋው ሥር የሚያልቅ አንድ ረዥም ምንጣፍ ነበር፤ ዳግማር ራሷ የሸመነችው፣ ከአሮጌ ልብስ። በዚያ አገር ልብስ አልቆ አይጣልም። በቀጭኑ ይቀደዳል፣ እንደ ክር ይጠቀለላል፣ ልቃቂት ሆኖ ቅርጫት ውስጥ ይጠብቃል። ዳግማር ካገባች ጀምሮ የቤቱን ልብስ ሁሉ እንዲህ ስታጠራቅም ኖራለች፤ አንድ ቀን እሸምነዋለሁ እያለች፣ ቀኑም ሳይመጣ። ኤቨርት በሞተበት በረዶ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ባዶውን ወንበር እያዩ መቀመጥ አልሆንላት አለ። ጣራ ሥር ወዳለው ክፍል ወጣች፣ የእናቷን የሽመና ዕቃ አቧራውን ጠረገች፣ ድሩን ዘረጋች። ልቃቂቶቹን በዕድሜያቸው ደረደረቻቸው። መጀመሪያ የኤቨርት ሰማያዊ የሥራ ሸሚዞች፣ ከዚያ የሠርጋቸው ማግስት መጋረጃ፣ ከዚያ የአኔሊ የሕፃንነት አንሶላ። እስከ በረዶው መቅለጥ ድረስ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ስትልክ ከረመች። በስተመጨረሻ የገባው ማግ ኤቨርት ሆስፒታል ይዞት የሄደው አረንጓዴ ፒጃማ ነው።

ቲንድራ ምንጣፉ መነሳት እንዳለበት የነገረቻት በጥንቃቄ ነው። ቀለሙ በዛ፣ ዓይን ይበትናል፣ ክፍሉንም ያጠባል አለች። ዳግማር ተንበረከከችና ከአልጋው በኩል መጠቅለል ጀመረች። ቲንድራም ከጎኗ ተንበረከከች። ሁለቱ እየጠቀለሉ ወጥ ቤቱ በር ደርሰው ቀና ሲሉ ነው ያዩት።

ወለሉ ላይ መንገድ ተኝቷል። የጥድ ጣውላው ኤቨርት ከመታመሙ በፊት እንደ አዲስ ከላገው ወዲህ በዓመታት ፀሐይ እንደ ማር ቢጫ ሆኗል፤ ምንጣፉ የነበረበት ግን ትናንት የተላገ ይመስል ነጭ ነው። ከወጥ ቤት እስከ አልጋ ድረስ ጥርት ያለ ነጭ መንገድ።

ቲንድራ መኪናዋ ሄዳ ግራጫውን ምንጣፍ አምጥታ ዘረጋችው። አጠረ። ወደ ወጥ ቤት ስትስበው መኝታ ቤቱ ይገለጣል፣ ወደ መኝታ ቤት ስትስበው ወጥ ቤቱ ይገለጣል፤ እግር ሲሸፍን ራስ እንደሚያራቁት ብርድ ልብስ ሆነባት።

“ይህን የሚያስለቅቅ ነገር አለ?” ብላ ጠየቀች።

“አለ” አለች ዳግማር። “ፀሐይ ነው። ሁለት ሦስት በጋ ይፈልጋል።”

ቲንድራ ተስፋ ቆርጣ ሳቀች። ግራጫውን መተላለፊያው ላይ ተወችው፤ የተረፈውን ግን የሚሸፍን ነገር አልተገኘም። ገዢው የሚያየው እሑድ ቀን እንደሆነ፣ ዳግማር የዚያን ቀን ቤት ውስጥ መገኘት እንደሌለባት አስረዳቻት። ባለቤት ካለ ሰው ቁም ሣጥን ከፍቶ ለማየት ያፍራል። ጠዋት መጥታ ምድጃ ውስጥ የቀረፋ ዳቦ ትጋግራለች፤ ቤቱ እንዲያውድ።

“ለእንግዶቹ?” አለች ዳግማር።

“አይ፣ አይበላም። ለመዓዛው ነው።”

ዳግማር ይህን ለመቀበል የከበዳትን ያህል ሌላው ሁሉ አልከበዳትም። እሷ ያደገችው፣ እንግዳ ቢመጣ በቁጥር ሰባት ዓይነት ብስኩት ሳይቀርብ መቀመጥ ነውር በነበረበት ዘመን ነው። ግን አልተናገረችም። ልጅቱ ሥራዋን ታውቃለች አለች በልቧ።

ዝም ማለት ያቃታት በምንጣፉ ነው። ተጠቅልሎ እንጨት ቤት ገብቷል፤ ገዢ ደግሞ እንጨት ቤቱንም ከፍቶ ያያል። ሰው ሊያየው ነው፤ ያውም ሳይታጠብ። በዚያ አገር ሐምሌ የፀሐይ ወር ነው፤ ምንጣፍ የሚታጠበውም ያኔ ነው፤ ዘንድሮ ግን በዳሌዋ ምክንያት ሳታጥበው ቀርታለች። ሌሊቱን ይህ ሲከነክናት አድሮ በማግስቱ ስቲግ ዘንድ ሄዳ ባለ አንድ ጎማ ጋሪውን ለመነችው።

“በመስከረም? አብደሻል?” አላት። “ውኃው አጥንት ይሰብራል።”

“አንተ ግፋ እንጂ ማን ግባ አለህ።”

እያጉረመረመ እስከ ሐይቁ ገፋላት። ውሻው ከፊት ከፊት ይሮጣል። ዳግማር ውኃው ላይ በተዘረጋው የእንጨት ርብራብ ላይ ተንበርክካ ምንጣፉን ዘረጋች፣ የጥድ ሳሙናውን አፈሰሰች፣ በብሩሽ መፈተግ ያዘች። ዱሮ፣ በሐምሌ፣ ይህ ርብራብ ሴት በሴት ይሆን ነበር። ቀሚሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ቋጥረው ጎን ለጎን ተንበርክከው ሲፈትጉ፣ የማን ባል እንደሰከረ፣ የማን ልጅ እንዳረገዘች የሚታወቀው እዚህ ነበር። ልጆቹ በሳሙናው አረፋ መካከል እየዘለሉ ይገባሉ። አኔሊ አንዴ ከተዘረጋው ምንጣፍ ላይ ተንሸራትታ ውኃ ውስጥ ስትገባ ኤቨርት ከነጫማው ተከትሏት ዘሎ ነበር፤ ውኃው ግን እስከ ወገቡ እንኳ አልደረሰም። ሴቶቹ ያንን ለዓመታት ሲስቁበት ኖረዋል። አሁን ከእነዚያ ሴቶች የቀሩት እሷና ቱራ ናቸው። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ሳሙናው ግን ያው የዱሮው ሽታ ነው።

ውኃ የጠጣ የጨርቅ ምንጣፍ እንደ ጥጃ ይከብዳል። ስቲግ ወገቤ፣ ወገቤ እያለ አብሯት ተሸክሞ፣ በመንገዱ በኩል ባለው ነጭ አጥር ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሰቀሉት። በሐምሌ ቢሆን በማግስቱ ይደርቅ ነበር። ዳግማር ግን ዕድሜ ልኳን በሐምሌ ስታጥብ ስለኖረች መስከረም የሐምሌ ፀሐይ እንደሌለው ረሳችው። ቅዳሜ ጉም ዋለ። እሑድ ጠዋት ምንጣፉ አሁንም ውኃ እያንጠባጠበ አጥሩን ሙሉ ሸፍኖ ተሰቅሏል።

ቲንድራ ሎሚዋንና ሊጧን ይዛ ስትደርስ አጥሩን አየችና መኪናዋ ውስጥ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወጥታ ምንጣፉን ልታወርድ ሞከረች፤ ከቦታው አልነቃነቅ አላት። ደላላው ሃምፑስም መጣ፣ ጫፉን ያዘ፣ ነጭ ሸሚዙ ራሰ፣ ለቀቀው። ሰዓቱ ደርሷል። እንዳለ ቀረ።

ዳግማር ይህን ሁሉ በስቲግ ወጥ ቤት መስኮት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታያለች። ኮፍያው አሁንም ኪሷ ውስጥ ነው። ቤቱን ንጹሕ ላድርግ ብላ መንገዱ ላይ የጓዳዋን ጉድ አሰጣችበት። እነሆ ገዛ እጇ የራትቪኩን ቤት አሳጣት፤ የቱራ መስኮት ራቀ፣ እንጨት ቤቱ ቀረበ።

“ጥሩ ማስታወቂያ ነው” አለ ስቲግ ዳቦውን እያኘከ። “ሰርከስ የመጣ ነው የሚመስለው።”

“ስቲግ፣ ዛሬ ተወኝ” አለችው። ስቲግም ተዋት፤ ይህ በእሱ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው።

መኪኖች መጡ። ሰዎች ወረዱ። እግራቸው ላይ ሰማያዊውን ፕላስቲክ አጥልቀው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ከስቶክሆልም የመጣ የሚመስል ሰውዬ ጀልባ የሚታሰርበትን ብቻ ጠይቆ በስልኩ እያወራ ግቢውን ዞረ። አንዲት ነፍሰ ጡር ግን ከቤት ወጥታ ወደ አጥሩ ሄደች። ምንጣፉን ከጥግ ጀምራ፣ ጨርቁን በጣቷ እየነካች፣ ቀስ እያለች ተራመደች። ባሏ ሲጠራት እጇን አወናጨፈችበት።

ያኔ ማካፋት ጀመረ።

ታጥቦ የተሰጣ ምንጣፍ ዝናብ ሲመታው ቁጭ ብላ የምታይ ሴት እዚያ መንደር አልተወለደችም። ዳግማር የተነገራትን ሁሉ ረስታ፣ የስቲግን ላስቲክ የዝናብ ልብስ ከምስማሩ ነጥቃ፣ ዳሌዋን እየጎተተች መንገዱን ተሻገረች። ምንጣፉን ማውረድ እንደማትችል ታውቃለች፤ ላስቲኩን ቢያንስ በአንዱ ጫፍ፣ በአረንጓዴው ላይ፣ አለበሰችው።

ነፍሰ ጡሯ በሌላው በኩል ቆማ ታያታለች።

“ይሄን የሰቀለችው ያቺ ቤቱን ያሰናዳችው ልጅ ናት?” አለቻት። “እንዴት አድርጋ አሳምራዋለች! ከመንገድ ሳየው ነው ልቤ የደነገጠው።”

“የለም የኔ ልጅ” አለች ዳግማር። “ለማማር አይደለም። ለመድረቅ ነው።”

ሴትየዋ አየቻት፤ ከዚያ ላስቲኩን፤ ከዚያ እንደገና እሷን። ሊኔያ እባላለሁ አለች። ቤቱ የማን እንደሆነ ያኔ የገባት ይመስላል፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ውስጥ ወለሉ ላይ፣ ከግራጫው ምንጣፍ ወዲህና ወዲያ፣ ነጭ መንገድ እንዳየች፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ከወጥ ቤት እስከ መኝታ ቤት ተከትላው እንደሄደች ነገረቻት። እግሬ እንዲሁ ይዞኝ ሄደ አለች።

“እሱ ነው” አለች ዳግማር፣ ምንጣፉን መታ አድርጋ። “እሱ የተኛበት ነው።”

ከዚያ ጠየቀቻት። ዳግማርም ነገረቻት። ይሄ ሰማያዊው የባሌ ሸሚዝ ነው፤ መሰንጠቂያው ላይ ክርኑ ሁልጊዜ ይቀደድ ነበር። ይሄ ቀይ የልጄ ካፖርት ነው፤ አላስቀድድም ብላ ስላለቀሰች ትምህርት ቤት ሄዳ ሳለ ቀደድኩት። አድጋ ልጅ ይዛ ስትመጣ ምንጣፉ ላይ አየችውና ጉንጯን አስደግፋ ተኛችበት። ይሄኛው መጋረጃ ነው። ይሄ የማን እንደሆነ ረስቼዋለሁ። አረንጓዴው ጋ ስትደርስ ላስቲኩን አላነሳችም፤ “ይሄ የመጨረሻው ነው” ብቻ አለች። ሊኔያም አልጠየቀቻትም። ሁለቱም ካፊያው ውስጥ ቆሙ።

ቲንድራ ከበሩ ብቅ ብላ አየቻቸው። ትመጣና ታባርረኛለች ብላ ዳግማር ስትጠብቅ፣ ልጅቱ ተመልሳ ገብታ የቀረፋውን ዳቦ ከነትሪው ይዛ ወጣች። ለዳግማር አቀበለቻት።

“አንቺ ስጪ” አለቻት። “የቤቱ ሰው አንቺ ነሽ።”

ዳግማር ለሊኔያ ሰጠች፣ ለባሏ ሰጠች፣ ለስቶክሆልሙ ሰውዬም ሰጠች። ሰውዬው ስልኩን ዘግቶ በላ።

ማክሰኞ ዕለት ሃምፑስ ደወለ። ሰውዬውና እነሊኔያ ሲጫረቱ ሰንብተው ሰውዬው ተወው፤ ቤቱ ለእነሊኔያ ሆነ፤ መስከረም ሳያልቅ ይፈራረማሉ። ዳግማር ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ከዚያ ሃምፑስ ትንሽ አመነታና አንድ ጥያቄ ጨመረ። ግዴታ አይደለም፣ ግን ሊኔያ ምንጣፉ ከቤቱ ጋር ይቀር እንደሆነ ጠይቅልኝ ብላለች።

ሁሉም ተዪላት አሏት። ቱራ ደግሞ፣ “አዲሱ ቤትሽ እኮ እንደ ክብሪት ቤት ነው። የት ልትዘረጊው ነው? መንገድ አሻግረሽ እኔ ቤት ድረስ?” አለቻት። ስቲግ እንኳ ለውሻው ይሰጠኝ አለ። ዳግማር አንድ ሌሊት አሰበችበት። ጠዋት ለሃምፑስ ደውላ፣ ምንጣፉን አልሰጥም፣ ልብሳችን ነው፣ ሰው ልብሱን ትቶ አይሄድም አለች። የሽመና ዕቃው ግን ጣራ ሥር ይቀራል። የእናቷ ነው፤ ከተማው ቤት አይገባም። ሊኔያ ከፈለገች ልብሷን ማጠራቀም ትጀምር።

የለቀቀች ዕለት ቤቱን ጠርጋ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደ ወጉ ለሚገቡት ዳቦና ጨው ትታ፣ ባዶውን ነጭ መንገድ ከወጥ ቤት እስከ መኝታ ቤት አንዴ ሄደችበት። ጫማዋን አውልቃ ነበር።

አሁን ራትቪክ ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት ቱራ ከመስኮቷ የጠረጴዛ ጨርቅ ታወዛውዛለች፤ ተነስቻለሁ ማለቷ ነው። ኮፍያው በሩ አጠገብ ምስማር አግኝቷል። ስቲግ አልፎ አልፎ ከውሻው ጋር ይመጣና ወሬ ያመጣል፤ ሕፃኑ ተወልዷል፣ ጣራው ተጠግኗል። ወለሉ ላይ ገና ምንም አልተነጠፈም አላት። “ግን ሰፊ ቤት ተሰጥቷቸው፣ ባልና ሚስቱ በዚያችው በነጯ ላይ ብቻ ይመላለሳሉ፤ ልክ የከብት መንገድ።”

ዳግማር ለመሳቅ ብላ ዞር አለች።

ምንጣፏ ቱራ እንዳለችው ለክፍሉ አልሆነም። ከበሩ እስከ አልጋው ሲዘረጋ እኩሌታው ይተርፋል። ዳግማር ትርፉን ጠቅልላ አልጋው ሥር ታኖረዋለች፤ ወቅት ሲለወጥ ደግሞ ከሌላኛው ጫፍ ትዘረጋዋለች። በጋውን የአኔሊ ቀይ ካፖርት ወጥቶ ከረመ። የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ቀን ከአልጋዋ ስትወርድ እግሯ ያረፈው ሰማያዊው ላይ ነበር፤ ክርኑ ሁልጊዜ ይቀደድ የነበረው ላይ። መስኮቱ ጋ ሄዳ በረዶውን ትንሽ አየችው። ከማዶ ቱራ ጨርቁን እያወዛወዘች ነው።